የእጅጌው ጨርቅ ከየት መጣ? የአንድ የሐበሻ ቀሚስ የጉዳይ ጥናት

በ1957 ዓ.ም. ለአንዲት ሙሽራ የተሰፋ የሐበሻ ቀሚስ፣ ሁለት ጊዜ ተተርትሮ ሁለት ጊዜ እንደገና ከተሰፋ በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. እኔ ዘንድ መጣ። ያመጣችው የመጀመሪያዋ ባለቤት የልጅ ልጅ ናት፤ ለመልሷ ልትለብሰው ትፈልጋለች። ስፌት ቤቴ ከአራት ኪሎ በራስ መኮንን ድልድይ አድርጎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ስለሆነ፣ የእናቱን ወይም የአያቱን ልብስ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ለእኔ እንግዳ አይደለም። ይህኛውን ልጽፈው የወደድኩት ሙሽራዋ፣ እናቷና አያቷ ስለ አንድ ጨርቅ ሦስት የተለያየ ነገር ሲያምኑ፣ ቀሚሱ ራሱ ደግሞ አራተኛ ነገር ስለተናገረ ነው። ቤተሰቡ ስሙ እንዳይጠቀስ ጠይቆ እንድጽፈው ፈቅዷል።

ከቀሚሱ ጋር አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ነበር። በፎቶግራፉ ላይ አያትየዋ በፒያሳ ፎቶ ቤት መጋረጃ ፊት ቆመዋል። ቀሚሱ መሬት ይነካል፤ ወገቡ ጠበቅ ብሎ ከሥሩ በብዙ ሽንሽን ይሰፋል፤ እጅጌው ጠባብ ሆኖ እስከ እጅ አንጓ ይወርዳል፤ ከአንገቱ ጀምሮ ደረቱን ይዞ የወረደ የመስቀል ጥልፍ አለው። ከፌስታሉ የወጣው ቀሚስ ግን ከጉልበት እምብዛም አያልፍም። እጅጌው ትከሻው ላይ ተነፍቷል፣ ውስጡ ስፖንጅ አለበት፣ ጀርባው ላይ ነጭ የፕላስቲክ ዚፕ ተገጥሞለታል። ከፎቶግራፉ ጋር የሚያገናኘው የደረቱ ጥልፍ፣ የግርጌው ጥበብና ከክርን በታች ያለው ጠባብ እጅጌ ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ልክ እንደ ፎቶግራፉ አድርገው ይመልሱልኝ» አለች ሙሽራዋ። እናቷ ማንም ሳይጠይቃቸው «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» ብለው አንገታቸውን ደፉ። በ1979 ዓ.ም. ለአክስታቸው ልጅ ሠርግ ብለው ቀሚሱን ያስቀየሩት እርሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፎቶግራፍ ባዩ ቁጥር ይቆጫቸዋል።

ውስጡን መገልበጥ

አሮጌ ልብስ ሲመጣልኝ ከመለካቴ በፊት እገለብጠዋለሁ። በውጭ በኩል ልብስ የሚያሳየው የመጨረሻውን ባለቤት ነው፤ የቀደሙት ያሉት በውስጥ በኩል ነው።

የድሮ ልብስ የሚያጠኑ ባለሙያዎችም በየሙዚየሙ የሚጀምሩት ከዚሁ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ ስፒታልፊልድስ የሚባለው ሰፈር የሐር ሸማኔዎች መንደር ነበር። አና ማሪያ ጋርትዌይት የምትባል ንድፍ ሠሪ ለእነዚህ ሸማኔዎች የአበባ ንድፍ በቀለም እየሣለች ትሸጥ ነበር፤ በብዙዎቹ ላይ ዓመቱንና የገዛትን ሸማኔ ስም ጽፋለች። ንድፎቿ ዛሬ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ስላሉ አንድ የሐር ጨርቅ በየትኛው ዓመት እንደ ተሸመነ አንዳንድ ጊዜ በትክክል ማወቅ ይቻላል። ታዲያ እ.ኤ.አ. በ1740ዎቹ የተሸመነ ሐር ተገኝቶ የቀሚሱ ስፌት ግን የ1770ዎቹ ወይም የ1780ዎቹ ፋሽን ሆኖ ይገኛል። ጨርቁና ስፌቱ እኩዮች አይደሉም ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ያኔ ውዱ ሐሩ እንጂ የሰፊዋ ጉልበት አልነበረም። ስለዚህ ሰፊዎቹ ረጃጅሙን መጋጠሚያ በቀላሉ እንዲተረተር ላላ ባለ የእጅ ስፌት ያያይዙት ነበር፤ የተረፈውንም ጨርቅ ከመቁረጥ ይልቅ አጥፈው በሽንሽኑ ውስጥ ይተዉታል። ያች ቀሚስ ፋሽን ሲለወጥ ተፈታ እንደገና እንደምትሰፋ ገና ከመጀመሪያው ያውቃሉ።

ሐር ለአጥኚ ይመቸዋል፤ መርፌ የወጋው ቀዳዳ አይደፈንም። የእኛ ፈትል ግን እንዲህ አይደለም። ክሩ ለስላሳ፣ ሽመናው ሳሳ ያለ ስለሆነ አንድ ጊዜ ውኃ ነክቶት ካውያ ካለፈበት በኋላ የመርፌው ቀዳዳ ተመልሶ ይዘጋል። በእጅ የተፈተለ ሸማ ላይ የድሮ ስፌት መሥመር ፍለጋ ቀዳዳ መቁጠር ትርፉ ድካም ነው። ማንበብ የሚቻለው ክሩን፣ እድፉንና የነጩን ዓይነት ነው።

በዚህ ቀሚስ ላይ ሦስት ዓይነት የስፌት ክር ነበረ። የደረቱ ጎንና የቀሚሱ ሦስት ፈርጆች የተያያዙት ወፈር ባለ፣ ሻይ የነካው በሚመስል የጥጥ ክር ነው። ወገቡ ዙሪያ ያለው ቀጠን ያለ ሌላ ክር ነው። የትከሻውና የዚፑ ደግሞ ሦስተኛ፣ የሚያብረቀርቅ። ከየአንዳንዱ አጠር ያለ ቁራጭ ነቀስኩና በጉጠት ይዤ ክብሪት ለኮስኩበት፤ ሙሽራዋ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ትመለከታለች። የመጀመሪያው እንደ ወረቀት ሸትቶ ነደደ፤ በጣቴ ስነካው የተረፈው ብን የሚል ግራጫ አመድ ነው። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ግን ከእሳቱ ሸሽቶ ተኮማተረ፣ ቀለጠ፣ ሲቀዘቅዝም በጥፍር የማይፈርስ ጥቁር ጠጠር ሆነ። ይህ ፖሊስተር ነው። ፖሊስተሩ የ1979 መሆኑን እናትየዋ ራሳቸው ስላረጋገጡልኝ፣ ጥያቄው መካከለኛው ክር የማን ነው የሚለው ሆነ።

ጀርባው ላይ ሌላ ምልክት ነበር። ከዚፑ ጎን ለጎን፣ ተራርቀው በአንድ መሥመር የሚወርዱ ትናንሽ ቡናማ የዝገት ነጥቦች። ቀሚሱ መጀመሪያ ይዘጋ የነበረው በብረት ማያያዣ ነው፤ ብረቱ ከተነቀለ ዘመን ቢያልፈውም ዝገቱ ከጨርቁ አልወጣም።

ከወገቡ የተቆረጠው

እዚህ ላይ የሐበሻ ቀሚስ ከሌላ ልብስ የሚለይበትን ነገር መናገር አለብኝ፤ የጉዳዩ ቁልፍ እርሱ ነው። ተራ ቀሚስ ማሳጠር የፈለገ ሰው ከግርጌው ይቆርጣል ወይም ያጥፋል። በዚህ ዓይነት ቀሚስ ግን የግርጌው ጥበብ ከጨርቁ ጋር አብሮ የተሸመነ ነው። ሸማኔው ማጉን እየወረወረ በመሀል በመሀሉ ባለቀለም ክር በጣቱ እያስገባ ሠርቶታል። ከታች መቁረጥ ማለት ጥበቡን መጣል ነው፤ ማጠፍ ማለት ጥበቡን መደበቅ ነው። ስለዚህ ማሳጠርም ሆነ ማስረዘም የሚቻለው ከወገብ በኩል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ በአውሮፓ ፋሽን የነበሩት፣ ለየእርከኑ ጌጠኛ ጠርዝ አብሮ የተሸመነላቸው የሐር ቀሚሶችም ባለቤቶቻቸውን ይህንኑ ችግር አሳይተዋቸዋል፤ ጠርዙ የተወሰነ ስለሆነ የሚነካው ላይኛው ጫፍ ነው።

የእኛም ቀሚስ ከወገቡ ተቆርጦ ነበር። ከወገቡ እስከ ጥበቡ ጫፍ 64 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቀርቷል፤ የተቆረጠበት ጠርዝ የተዘመዘመው በመካከለኛው ክር ነው። ይህ ማለት ቀሚሱን ያሳጠረው የ1979ኙ ሰፊ አይደለም። ይህን ስናገር እናትየዋ አላመኑኝም። ታዲያ ማን ቆረጠው?

መልሱን የሰጡን አያትየዋ ናቸው። ቀሚሱን ለማየት በልጃቸው ተደግፈው ስፌት ቤቱ ድረስ መጡ፤ ወንበር አቀረብኩላቸው፤ ቀሚሱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ሳቁ። «እኔው ነኝ ያስቆረጥኩት። በ64 ዓ.ም. ነው። ያኔ አጭር ያልለበሰ ማን ነበር? ረጅሙን እየጎተትኩ ባላገር ልባል?» የሠርግ ቀሚሳቸውን ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽና ለሰው ሠርግ ለመልበስ ፈልገው በዘመኑ ልክ አሳጠሩት። አርባ ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን፣ ቀሚሱን ዙሪያውን የሚዞረውን ቁራጭ ግን አልጣሉትም። ግማሹ ለወንድ ልጃቸው የክርስትና ልብስ ሆነ፤ ግማሹ ታጥፎ ሣጥን ውስጥ ገባ።

ልጃቸው ለሠላሳ ስምንት ዓመት የተሸከሙት ጥፋት የእርሳቸው እንዳልነበረ የሰሙት በዚህ ዓይነት ነው። ግን ነገሩ እዚህም አላበቃም። የተነፋውን እጅጌ ስተረትር በአንደኛው ጠርዝ ላይ፣ በስፌቱ ትርፍ ውስጥ ተሸጉጦ፣ የዚያ ወፍራም የመጀመሪያው የጥጥ ክር ጉማጅ አገኘሁ። ጠርዙም ድሮ በሽንሽን ተጨምድዶ እንደ ነበር ይታወቃል፤ ሽንሽኑ ያረፈበት ቦታ በየመሀሉ ነጣ ብሏል። የእጅጌው ጨርቅ የ1957ቱ ወገብ ነው። በ64 ዓ.ም. ከወገብ የተቆረጠው ጨርቅ ሣጥን ውስጥ ቆይቶ በ1979 ትከሻ ላይ ወጣ። እናትየዋ እጅጌ ባያስነፉ ኖሮ ያ ቁራጭ እንደ ሌላው ግማሽ የሆነ ቦታ ቀርቶ ነበር።

ይህ ዓይነቱ የጨርቅ ጉዞ በሌላውም ዓለም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ የአውሮፓ ሴቶች እጅጌ ተነፍቶ ተነፍቶ ከወገብ በለጠ፤ ወደ 1836 ገደማ ፋሽኑ ሲተነፍስ አንድ ጥንድ እጅጌ ሌላ የቀሚስ ክፍል የሚወጣው ጨርቅ ሆኖ ተገኘ። በ1860ዎቹ በሽቦ ቀለበት ላይ የተዘረጉት ሰፋፊ ቀሚሶችም በ1870ዎቹ ስፋቱ ወደ ኋላ ሲሰበሰብ ተፈትተው ለጀርባው መደራረቢያ ዋሉ። ጨርቅ በበዛበት ዘመን የተሰፋ ልብስ ጨርቅ ላነሰበት ዘመን ባንክ ነው።

ምን እናድርግ?

ሙሽራዋ አሁንም ፎቶግራፉን እንደያዘች ናት። የ1957ቱን ቅርጽ መመለስ ይቻላል ወይ ብትሉኝ፣ በዓይን የሚያታልል ነገር መሥራት ይቻላል። ግን የጎደለውን ግማሽ ወገብ በአዲስ ጨርቅ መተካት፣ አዲሱን ጨርቅ በሻይ ወይም በቡና ነክሮ ማስረጀት፣ ያረጀ የሚመስል ክር መፈለግ ይጠይቃል። ይህ ለቴአትር ልብስ ጥሩ ሙያ ነው፤ ለቤተሰብ ልብስ ግን ውሸት ነው። በዚያ ላይ አያትየዋ ነገሩን በአንድ አረፍተ ነገር ዘጉት። «እኔ በዚያ ቀን አሮጌ ልብስ አልለበስኩም፤ የዘመኑን ነበር የለበስኩት። ልጅቷን እኔን አስመስላችሁ አታልብሷት» አሉ።

በተቃራኒው ቀሚሱን እንዳለ ማስቀመጥም አልተቻለም፤ ለሙሽራዋ ወገቡ በ9 ሳንቲ ሜትር ይጠብባል፣ ብብቱም ተቀዷል። ነገሩ ሌላ ቢሆን፣ ስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም እንደሚቀመጠው ያለ ብርቅ ልብስ ቢሆን ኖሮ፣ መርፌ አላስጠጋበትም፤ አትልበሽው ብዬ እመልሳት ነበር። ይህ ግን ሲለበስና ሲቀየር የኖረ ልብስ ነው። ስለዚህ ሦስተኛውን ማሻሻያ እንሥራለት ተባባልን። ደንቡንም አስቀድመን ተስማማን፦ ከአሮጌው ጨርቅ ከእንግዲህ አንድም ነገር አይቆረጥም፤ የሚጨመረው አዲስ ጨርቅ አዲስ መሆኑ ይታያል፤ ስፌቱ ሁሉ በጥጥ ክር ይሆናል።

በክሩ ላይ ድርቅ ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ብብቱ የተቀደደው በእርጅና ሳይሆን በፖሊስተሩ ነው። የጥጥ ክር ሲወጠር ቀድሞ ራሱ ይበጠሳል፤ የተበጠሰ ክር መልሶ መስፋት ቀላል ነው። ፖሊስተር ግን ቶሎ አይበጠስም፤ ክንድ ሲወጠር ቀድሞ የሚቀደደው ለስላሳው ፈትል ነው። ብርቱ ክር ለብርቱ ጨርቅ ነው። ዛሬም ሱቁ ሁሉ የሚሸጠው እርሱን ስለሆነ የሐበሻ ቀሚስ የምታሠራ ሴት ሰፊዋን በምን ክር እንደምትሰፋላት ብትጠይቅ ነውር የለበትም።

ዋጋውንም ሥራ ሳልጀምር ነገርኳት። ለእጄ የምትከፍለው ገንዘብ አዲስ ቀሚስ ከሚያስገዛት ይበልጣል። የድሮ ሰው ልብስ የሚያስቀይረው ለቁጠባ ነበር፤ ዛሬ ሒሳቡ ተገልብጧል፣ ጨርቁ ረከሰ የእጅ ሥራው ተወደደ። አሮጌ ቀሚስ ማሻሻል ገንዘብ ያተርፋል የሚል ሰፊ ካጋጠማችሁ ወይ ሥራውን አያውቀውም ወይ ሊሠራው አላሰበም። ሙሽራዋ ለአንድ ቀን አስባበት ተመልሳ መጣች።

ሥራው

ወገቡን ማስፋት ከጠበቅሁት በላይ ቀለለ፤ ለዚህ ምስጋናው ለመጀመሪያው ሰፊ ነው። በሁለቱም ጎን፣ በእያንዳንዱ ጠርዝ 4 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ጨርቅ ትቶ ነበር። የ1957ቱ ወገብ 60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በ1979 ከየጠርዙ አንድ አንድ ተለቆ 64 ሆነ፤ እኔ ደግሞ ከየጠርዙ ሁለት ሁለት ለቀቅሁና 72 ደረሰ። ዚፑን አንስቼ የጀርባውን መዝጊያ ሳስተካክል የቀረችው አንድ ሳንቲ ሜትር ተገኘች፤ 73። ልኩን የወሰድኩት ሙሽራዋን አስቀምጬ ነው። ለቬሎ ቆማ ብትለካ ግድ የለም፤ መልስ ግን ሰዓታት ሙሉ ተቀምጠው የሚበሉበት ድግስ ስለሆነ የመልስ ቀሚስ ቆማ የተለካላት ሙሽራ ዶሮ ወጡ ሲቀርብ መተንፈስ ያቅታታል።

ዛሬ አብዛኛው ሰፊ ጠርዙን በኦቨርሎክ፣ ጠርዝ እየቆረጠ በሚዘመዝመው ማሽን፣ ቆርጦ አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ይተዋል። ንጹሕ ይመስላል፤ የምታገባዋ ልጅ ግን ሁልጊዜ የእናቷን ወገብ አትወርስም።

ርዝመቱ ነበር ጭንቁ። ሙሽራዋ ከነጫማዋ ከወገቧ እስከ መሬት 105 ሳንቲ ሜትር ትፈልጋለች፤ ያለን 64 ነው። የተተረተረው እጅጌ ተዘርግቶ ሲታይ እያንዳንዱ 40 በ62 ነው፤ ነገር ግን ላይኛው ጫፍ ለትከሻ ተቀስቶ ስለተቆረጠ ሙሉ ሆኖ የሚገኘው 28 በ60 ብቻ ነው። ሁለቱ ቢያያዙ ስፌቱ ሲቀነስ 114። ይህ ለቀሚሱ ሰፊ ግርጌ ምንም አይደለም፤ ለዳሌ ግን ይበቃል። ስለዚህ ከወገብ እስከ ዳሌ ልክክ የሚል የ25 ሳንቲ ሜትር ክፍል ከሁለቱ እጅጌዎች ሠራሁ፣ የድሮውን ባለሽንሽን ቀሚስ ከዳሌው በታች አያያዝኩት። የተቀሰተውን ትርፍ ሳልቆርጥ ወደ ውስጥ አጠፍኩት፤ ለወገቡ ገበር ሆኖ አገለገለ። ዳሌ ድረስ ተጣብቆ ከዚያ የሚበተን ቀሚስ ከ2000 ዓ.ም. የሚሊኒየም በዓል ወዲህ ከተማው ውስጥ ደጋግመን ከሰፋናቸው ቅርጾች አንዱ ስለሆነ ለሙሽራዋ እንግዳ አልሆነባትም። የአያትየዋ ወገብ፣ የእናትየዋ ትከሻ የነበረው ጨርቅ እንዲህ የልጅቷ ዳሌ ላይ አረፈ።

ይህም ሆኖ 16 ሳንቲ ሜትር ይጎድላል። እናትየዋ በመሀል አንድ ዙር አዲስ ጨርቅ እንድቀጥል ሐሳብ አቀረቡ። ይህ ዘዴ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1947 ክርስቲያን ዲዮር ፓሪስ ላይ ረጅምና ሰፊ ቀሚስ ይዞ ብቅ ሲል፣ ብሪታንያ ውስጥ ልብስ ገና በኩፖን ነበር የሚሸጠው፤ ገደቡ ከ1941 ጀምሮ እስከ 1949 ቆይቷል። አዲሱን ፋሽን መግዛት ያልቻሉ ሴቶች አጭር ቀሚሳቸውን ቆርጠው በመሀል ወይም በግርጌ ሌላ ቀለም ያለው ጨርቅ ቀጠሉበት። ቀለሙን ለማመሳሰል ሞክሮ ትንሽ የሳተ ቅጥያ ጥፍ ይመስላል፤ ሆን ተብሎ የተለየው ግን ፋሽን ይመስላል። የእናትየዋን ሐሳብ በግማሹ ተቀበልኩት። ቅጥያው አዲስና የተለየ ይሁን፤ ግን አሮጌው ላይ አይሰፋ፤ የውስጥ ቀሚስ ሆኖ ከሥር 16 ሳንቲ ሜትር ይታይ። የሚቀጥለው ሰው ካልፈለገው መርፌ ሳያነሣ አውልቆ ያስቀምጠዋል።

ለዚህ ሽሮ ሜዳ ወጣን። የጋሞ ሸማኔዎች ከእንጦጦ ግርጌ ከሰፈሩ ዘመን ያለፈው አካባቢ ነው። የምሠራበት ሸማኔ ሽማግሌ ነው፤ የድሮውን ጨርቅ ወደ ብርሃን አንሥቶ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ፈተገው። «ድሩም ማጉም የእጅ ፈትል ነው» አለ። «ዛሬ ድሩን ከፋብሪካ ገዝተን ነው የምንዘረጋው፤ በእጅ የሚፈተለው ማጉ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ጨርቅ ልመስልልሽ ብልም አልችልም።» አልጠየቅነውምም። የድሮው ጥበብ ድርብ ቀለም አለው፤ ጥቁር ቀይና ቢጫ። ለውስጥ ቀሚሱ ከጥቁር ቀዩ ብቻ፣ ያለ ምንም አበባ፣ ሦስት ቀጫጭን መሥመር አሠራን። ሙሽራዋ ሳባ ክር ይግባበት ብላ ነበር፤ የሚያብረቀርቀው ክር የድሮውን ጥበብ ያደበዝዘዋል ብዬ ተከራከርኩና ረታሁ።

ስለ እጅጌው ብዙ የምለው የለም። የ1979ኙ ሰፊ ከክርን በታች ያለውን የመጀመሪያውን ጠባብ እጅጌ ከነጥበቡ አስቀርቶት ስለነበር፣ ከላይ በአዲሱ ጨርቅ ጠበብ ያለ እጅጌ ሠርቼ ከእርሱ ጋር አያያዝኩት፣ መጋጠሚያውንም በጥቁር ቀይ ክር በእጅ ጠለፍኩት። የተቀደደውን ብብት ከኋላው ስስ ጨርቅ ደርቤ አጠበቅሁት። ሙሽራዋ ከፎቶግራፉ ያገኘችው ነገር ቢኖር ይህ ጠባብ እጅጌ ነው።

የነጩ ጉዳይ ግን ጊዜ ወሰደ። ቀሚሱ በዱቄት ሳሙና ሲታጠብ ኖሮ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ሆኗል፤ እጅጌው ደግሞ ሣጥን ውስጥ ታጥፎ በቆየበት መሥመር ቢጫ ሆኗል። ዳሌና ግርጌ ተያይዘው ሲታዩ ልዩነቱ ዓይን ይወጋል። እናትየዋ ጠርሙስ በረኪና ይዘው መጡ፤ ከእጃቸው ተቀበልኩና ወደ ቤታቸው መለስኩት። በረኪና ቢጫውን ያነጣዋል፤ ጥጡንም አብሮ ይበላዋል፤ ስድሳ ዓመት የቆየ ፈትል ላይ ውጤቱ የሚታየው በሠርጉ ማግስት ሳይሆን በሚቀጥለው አጠባ ነው። ጥበብ የሌለባቸውን የእጅጌ ጨርቆች ብቻ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ደጋግሜ ነከርኩ፣ ካለቀለቅሁ በኋላ እርጥብ እንደሆኑ ሣር ላይ ለፀሐይ አሰጣኋቸው። እርጥብ ጥጥ በፀሐይ ቀስ እያለ ይነጣል። ጥበብ ያለበት ክፍል ፀሐይ አይሞክረውም፤ ለእርሱ በነጭ እርጥብ ጨርቅ ተጭኜ ቀለም እንደማይለቅ ካየሁ በኋላ በጥላ አደረቅሁት። አንዲት ቢጫ እጥፋት አልጠፋ ብላለች፤ ጀርባ ላይ፣ ነጠላ ሲለበስ በምትሸፈንበት ቦታ አሰፈርኳት።

ከመልሱ በኋላ

አያትየዋ ቀሚሱን ሲያዩ የመጀመሪያ ቃላቸው «ወገቡ አሁንም ጠበቅ ማለት ነበረበት» የሚል ነው። እናትየዋ የተነሡትን የትከሻ ስፖንጆች ለማስታወሻ ወስደዋቸዋል። ሙሽራዋ ፎቶግራፉን አልጠቀሰችም፤ የጠየቀችው ቀሚሱን እንዴት እንደምታስቀምጥ ነው።

በመስቀያ አይሰቀልም፤ በእጅ የተፈተለ ጨርቅ በራሱ ክብደት ትከሻው ላይ ይለጠጣል፣ በተለይ ብብቱ የተጠገነ ስለሆነ። ታጥቦ፣ ስታርች ሳይነካው፣ በደንብ ደርቆ በንጹሕ ነጭ አቡጀዴ ይጠቀለላል፤ ፌስታል ውስጥ አይገባም። በየጊዜው እየተዘረጋ የሚታጠፍበት ቦታ ይቀየራል፤ ያቺ ቢጫ መሥመር የመጣችው ለዓመታት አንድ ቦታ ላይ ከመታጠፍ ነው። የተነቀለውን ዚፕ፣ ሦስቱን የክር ዓይነቶችና የ1957ቱን የክር ጉማጅ በትንሽ የጨርቅ ከረጢት አድርጌ፣ ምን በየትኛው ዓመት እንደ ተለወጠ በወረቀት ጽፌ አብሬ ሰጥቻታለሁ።

ታናሽ እህቷ በሚቀጥለው ዓመት ልታገባ ነውና ቀሚሱን ከወዲሁ ትፈልገዋለች። እርሷ ከታላቋ ሞላ ትላለች። በጎኑ ስፌት ውስጥ በየጠርዙ የቀረው አንድ ሳንቲ ሜትር ነው፤ እርሱም ስፌቱን ለመያዝ ያስፈልጋል እንጂ አይለቀቅም። ለእርሷ የሚሰፋው በብብት በኩል በሚገባ አዲስ ጨርቅ ነው፤ ሸማኔው ከውስጥ ቀሚሱ የተረፈውን ሁለት ክንድ ያህል አስቀምጦልናል።